ጠጠሩ ያልተሰማው ጆሮ

ታላቅ ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮ» እያለ ነው የሚጠራው። ስድብ አይደለም፤ ማዕረግ ነው። እኔ ማዕረግ የለኝም። ብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ ቆሜ የምውል፣ ሲሊንደር የማሰፋ፣ ማታ ፀጉሬን ሳበጥር የብረት ፍቅፋቂ የሚራገፍብኝ ሴት ነኝ። ጋራዡ የሁለታችን ነው። ሰው የሚመጣው ግን ለእሱ ነው፤ እኔ ይህን ካወቅሁ ቆይቻለሁ፣ ቅናቱም ድሮ ወጥቶልኛል።

እኛ ዘንድ የሚመጡ ሞተር ሳይክሎች ፋብሪካ እንደሠራቸው የሚቀሩ አይደሉም። ባለቤቶቻቸው ጉልበት ይፈልጋሉ። እኔ ሲሊንደሩን አሰፋለሁ፣ ትልቅ ፒስተን አስገባለሁ፣ የላይኛውን ክዳን በስሱ እልጠዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ሌላ ሞተር ነውና ፋብሪካው ለብልጭታው ያበጀለት ሰዓት አይሆነውም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ጫፍ ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ካንዴላው እሳት መጫር አለበት። ቤንዚን እንደ ሰነፍ ተማሪ ነው፤ ቢቀሰቅሱትም ወዲያው አይነሣም። ብልጭታው ከዘገየ ሞተሩ ይልፈሰፈሳል። ከመጠን በላይ ከቀደመ ደግሞ እሳቱ ገና እየወጣ ያለውን ፒስተን አናቱን ይለዋል፤ ጉልበቱም በዚያው ይቀንሳል። ያን ጊዜ አንድ ድምፅ አለ፤ ቀጭን፣ ደረቅ፣ ጣሳ ውስጥ ጠጠር ከትተው ሲነቀንቁት ዓይነት። እኛ ቤት ስሙ «ጠጠር» ነው። ጠጠር ያላት ሞተር ትንሽ ቀን ትፈነጥዛለች፣ ከዚያ ፒስተኗ ይበሳል። ወይም በሙሉ ፍጥነት ላይ ሳለች ቀጥ ትላለች፤ የኋላ ጎማዋ ይያዛል፣ የተቀመጠባትን ሰው ደግሞ አንድዬ ይድረስለት።

ሌሎች ባለሙያዎች ይህን የሚያስተካክሉት ብልጭ ድርግም በሚል መብራት እያዩ ነው። የወንድሜ አሠራር ሌላ ነው። ባለቤቱን ከፊት ያስነዳና ራሱ ከኋላ ይፈናጠጣል። ከጋራዡ ጀርባ ያለውን ረጅም ዳገት በሦስተኛ ማርሽ፣ እጀታው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ይወጡታል። እሱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ሲመለሱ በግራ በኩል ያለችውን ሽፋን ይፈታል፣ ብልጭታዋን የምታዘውን ክብ ሳህን ብሎኖች ያላላና በፀጉር ስፋት ያዞራታል፣ ደግሞ ይወጣሉ። ጠጠሩ እስኪሰማው ድረስ ብልጭታዋን ያስቀድማል፤ ሲሰማው ሁለት ፀጉር ይመልሳል። በዚያች ቦታ ላይ በምስማር ጫፍ ጭረት ያደርግና ይዘጋዋል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲሠራ አንድም ፒስተን አልበሳም ነበር።

የዚህ አሠራር ጉዱ ታዲያ አንድ ነው። ጠጠሩ የማይሰማው ሰው ማቆሚያ የለውም።

ከሁለት ወር በፊት እኛው ሠርተን የሰጠናት የፖስተኛው ሞተር በገመድ ተጎትታ መጣች። ፈትቼ ፒስተኑን ወደ በሩ ብርሃን ይዤው ወጣሁ። አናቱ ምስጥ የበላው እንጨት መስሏል፣ መሐሉ ላይ አተር የምታሾልክ ቀዳዳ አለች። ወንድሜ ገልበጥ አድርጎ አየውና «ቆሻሻ ቤንዚን ነው» አለ። ፖስተኛውን ልክ ልኩን ነገረው። ፖስተኛው ደግሞ ደብዳቤ ዘገየ ብለው የሚቆጡትን ሁሉ ይቅርታ ሲጠይቅ የኖረ ሰው ስለሆነ እዚህም ይቅርታ ጠየቀ። በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ሞተር ተጎትታ መጣች። ያው ምስጥ፣ ያቺው አተር። አሁንም ቤንዚን ነው ተባለ።

እኔ ግን አወቅሁ። ብረት አይዋሽም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ፊት ለፊት ስንተያይ ኖረናል። አወቅሁና ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።

ለምን ዝም እንዳልኩ ልናገር። አባታችን ሲሞት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያሳደገኝ እሱ ነው። ቁመቴ ቶርኖው ላይ አልደርስ ሲለኝ ከእግሬ ሥር ሳጥን አስቀምጦ ያቆመኝ እሱ ነው። «ሴት ልጅ ከብረት ጋር ምን አላት» የሚሉትን ሁሉ አንድ በአንድ አፋቸውን ያስያዘልኝ እሱ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው «ጆሮህ ከዳህ» ተብሎ ይነገራል? ቁጡ ነኝ፤ ደንበኛ እቆጣለሁ፣ አልፈታ ያለ ብሎን እራገማለሁ። እሱ ፊት ስቆም ግን ምላሴ ይተሳሰራል። በሆዴም፣ ሁለት ፒስተን ምን አላት፣ ሌላ እሠራለሁ አልኩ። እውነቱን ለመናገር በዚያው ልቀጥልበት ነበር ያሰብኩት።

ቀጮ ባትመጣ ኖሮ። ቀጮ የወንድሜ ልጅ ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ስሟ ከቁመናዋ ነው የወጣው። እሑድ የዳገት ውድድር አለ፤ ተወዳዳሪዎቹ ተራ በተራ ዳገቱን ይወጣሉ፣ ሰዓታቸው ይያዛል። የእሷን ሞተር ሙሉ ክረምት የሠራሁት እኔ ነኝ። ካሰፋኋቸው ሲሊንደሮች ሁሉ የሰፋው፣ ከላጥኳቸው ክዳኖች ሁሉ የሳሳው የእሷ ነው። እንዲህ ያለች ሞተር ደግሞ ብልጭታ ላይ ስሕተት አትችልም። የቀራት አንድ ሥራ ነበር፤ የአባቷ ጆሮ።

ማክሰኞ ዕለት የወንድሜ ሚስት ዘንድ ሄድኩ። ልብስ እያጣጠፈች አገኘኋት።

«እትዬ፣ ወንድም ጋሼ ደህና ይሰማል?» አልኳት።

«እኔን ነው?» አለችና ሳቀች። «እኔንማ ከሰማኝ ዓመት አለፈው።»

«የምሬን ነው።»

እጇ ላይ የነበረውን ሸሚዝ አስቀመጠች። «ስልኩ አጠገቡ ሲጮኽ ዝም ይላል። ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ እሱ ጋዜጣውን። ጆሮ ዳባ ልበስ ያለኝ መስሎኝ ተቀይሜው ከርሜያለሁ። በር ሲንኳኳ ግን ከእኔ በፊት ነው የሚነሣው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ወፍራሙን ድምፅ ይሰማል፤ የከዳው ቀጭኑ ነው። ጠጠር ደግሞ ቀጭን ነው።

«ንገሪው እንጂ» አለችኝ።

«አንቺ ንገሪው፤ ሚስቱ ነሽ።»

«አንቺ ንገሪው፤ እህቱ ነሽ። ሥራውም የጋራችሁ ነው።»

አንቺ ነሽ፣ አንቺ ነሽ ተባብለን ተለያየን። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ቅጠሉን የሚይዝ ሰው ነው የጠፋው።

ሐሙስ ጠዋት ቀጮ ከፊት፣ አባቷ ከኋላ ሆነው ዳገቱን ጀመሩ። እኔ ሥራ ፈት መስዬ መታጠፊያው ላይ ካለው ግንብ ሥር ቆምኩ። ግንቡ ድምፅ ይመልሳል። መጀመሪያ ሲያልፉ ሞተሯ ድምፅዋ ንጹሕ ነበር፣ ደስ አለኝ። ተመለሱ፣ ሳህኗን በፀጉር ስፋት አዞራት፣ ደግሞ ወጡ። ሁለተኛው ላይ ሰማሁት። ጥቂት ነው፣ እጅግ ጥቂት፤ ግን ጠጠር ነው። አሁን ይመልሰዋል ብዬ ወደ ጋራዡ ሮጥኩ። ወንድሜ ሽፋኗን ፈትቶ ተንበርክኳል።

«ገና ናት» አለ። ሳህኗንም አስቀደማት።

ሦስተኛው ላይ ማንም መንገደኛ ይሰማው ነበር። እንደ ልጅ መጫወቻ ይንኳኳል። እኔ ግንቡን ይዤ ቆሜ የማየው የልጅቱን ሄልሜት ነበር።

ሲመለሱ እንደምንም ትንፋሼን ሰብስቤ «ወንድም ጋሼ፣ የሆነ ነገር የተንኳኳ መሰለኝ» አልኩ።

«ሰንሰለቷ ናት። አንቺ ቶርኖሽን ስሚ።»

«ባይሆን በመብራቱ እንያት? ያው ገዝተን አስቀምጠነዋል።»

«እሱማ ጆሮ ለሌለው ነው» አለና ከት ብሎ ሳቀ። እኔም እንደ ሞኝ አብሬው ሳቅሁ። ቀጮ ሄልሜቷን አውልቃ ጓንቷን ታይ ነበር።

«አሁንም የምትጨምረው ጉልበት አላት» አለ፣ ሳህኗ የደረሰችበት ቦታ ላይ ጭረት አድርጎ እጁን እየጠረገ። «ጠጠሩ አልመጣም። ከምሳ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ወጥተን እንጨርሳታለን።» ከዚያ ቤቱ ሄደ፤ ምሳውን በልቶ ግማሽ ሰዓት ጋደም ሳይል አይመለስም። ቀጮም ዳቦ ልትገዛ ወጣች።

ብቻዬን ከሞተሯ ጋር ቀረሁ። በሩን ገርበብ አደረግሁት። ሽፋኗን ፈታሁ፣ መብራቱን ከነካርቶኑ አወጣሁ፣ ሞተሯን አስነሥቼ አየኋት። ፋብሪካው ካዘዘው በላይ ስንት እንደሄደች ሳይ ላብ አሰመጠኝ። ብሎኖቹን አላላሁና ሳህኗን ከወንድሜ ጭረት ስድስት ፀጉር ወደ ኋላ መለስኳት፤ ከምሳ በኋላ ሁለት ሦስት ቢያስቀድማት እንኳ ቦታ እንዲተርፋት ብዬ ነው። ሃሳቤ ብልጥ ነበር። እሱ ጠጠሩን ያኔም አልሰማ፣ አሁንም አይሰማ፤ ልዩነቱን በምን ያውቃል? ልጅቱ ትድናለች፣ እሱም ክብሩ እንደተጠበቀ ይኖራል፣ እኔም ምንም ሳልናገር እገላገላለሁ። በገዛ ጋራዤ እንደ ሌባ በሩን እያየሁ ሽፋኗን ገጠምኩ። መብራቱንም ካርቶኑ ውስጥ መልሼ አቧራውን ሳይቀር አስተካከልኩለት።

የረሳሁት አንድ ነገር ነበር። ሰውየው ሠላሳ ዓመት ከሞተር ኋላ የተቀመጠው በጆሮው ብቻ አይደለም።

ሲመለሱ ፖስተኛው መጥቶ ነበር፤ አዲሱ ፒስተን ዘግይቶ መጥቶ ገና የገጠምኩላትን ሞተሩን ሊወስድ ነው። ወንድሜ ሰላም አለውና ሽፋን ሳይፈታ «መጀመሪያ አንድ ጊዜ እንውጣ» አለ። ወጡ። ሞተሯ እንደ ጠዋቱ መጀመሪያ ንጹሕ ሆና ዳገቱን እየበላችው ሄደች። እኔም እፎይ ብዬ ለፖስተኛው የማይስቅ ቀልድ መናገር ጀመርኩ።

ወንድሜ ሲመለስ ቀስ ብሎ ወረደ። ፊቱ ላይ ደስታ የለም።

«ጉልበት ጨመረች» አለ። «ሳልነካት።»

ጠዋት በፀጉር በፀጉር የቀነሰውን ያላወቀው መቀመጫው፣ በአንድ ጊዜ የተመለሰውን አወቀው። ተንበርክኮ ሽፋኗን ፈታ። ጭረቱን አየ፣ ሳህኗን አየ፣ ጣቱን በሁለቱ መሐል አስቀመጠ። ስድስት ፀጉር ለእሱ የአንድ ቀን መንገድ ነው።

«ማን ነካት?»

«እኔ» አልኩ።

«ለምን?»

«ጠጠር ነበራት።»

«መቼ?»

«ከሁለተኛው ጀምሮ። ሦስተኛው ላይ ደግሞ በጣም።»

«እኔ ላይዋ ተቀምጬ ያልሰማሁትን አንቺ ግንብ ሥር ቆመሽ ሰማሽ?»

«አዎ፣ ወንድም ጋሼ።»

 ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ አልተቆጣም። ጨርቁን አንሥቶ ንጹሕ የነበሩትን ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ። ከዚያ በአገጩ ወደ ፖስተኛው እያመለከተ «የእሱስ?» አለኝ።

«የእሱም።»

«ያቺ ሁለተኛዋስ?»

«እሷም። ቤንዚን አልነበረም።»

ፖስተኛው ሳል ያዘውና ወደ ጣሪያው ማየት ጀመረ።

«ሁለት ወር» አለ ወንድሜ። «ሁለት ወር ሙሉ እያወቅሽ ጠዋት ልጄን አስቀመጥሽብኝ።»

«እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው…»

«ያከበርሽኝ መስሎሽ ልጄን ልትገድይብኝ ነበር።»

በዝግታ ነው የተናገረው። ቢጮኽብኝ እመልስለት ነበር፤ ለመጮኽማ እኔም አላንስም። እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ። እውነቱን ነው። ጠዋት ግንቡን ይዤ ስቆም የፈራሁት ለልጅቱ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር፤ እጄን ዘርግቼ መንገድ ላይ ባስቆማቸው ምን ነበረበት? ያን ያላደረግሁት ከልጅቱ ሕይወት ይልቅ የወንድሜ ፊት ከብዶኝ ነው። አሁንም ሳስበው ራሴን እጠላዋለሁ።

ወንድሜ ተነሥቶ ወደ ልጁ ዞረ። እሷ ሄልሜቷን በሁለት እጇ ሆዷ ላይ ይዛ ቆማለች።

«ልጄ» አላት፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ። «ጆሮዬ አይሰማም። የሰው ሞተር ሳበላሽ ነው የከረምኩት። ያንቺንም ጠዋት አበላሽቼብሽ ነበር።»

እኔ በሁለት ወር መናገር ያቃተኝን እሱ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው።

ቀጮ ቀና ብላ አየችው። «አውቃለሁ፣ አባዬ» አለች።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«ጠጠሩን። ሄልሜቴን ከፍ አድርጌ ሰምቼዋለሁ።»

«ታዲያ እሑድ እንዴት ልትወጪ ነበር?»

«ግማሽ ጉልበት ብቻ እየሰጠኋት ነዋ። እንዳትቃጠል» አለች፣ ትከሻዋን ሰበቅ አድርጋ። «ብሸነፍ እኔ ነኝ የምሸነፈው፤ ማንም አንተን አይልም።»

ክረምቱን ሙሉ ለዚያች ዳገት ስትለፋ የከረመች ልጅ ናት። ጠዋት በመብራቱ ቀልድ ለምን እንዳልሳቀች ያን ጊዜ ገባኝ።

ወንድሜ ወደ ፖስተኛው ዞረ። «አንተም ታውቅ ነበር?»

«ኧረ እኔ ምኑን አውቄ፣ ጋሼ» አለ ፖስተኛው ደንግጦ። መዋሸት ግን የማይችልበት ሰው ነው። «ብቻ… ቤንዚኑን ሳልሞላት በፊት ሦስት ጊዜ በነጠላ ጨርቅ አጥልዬው ነበር። ቆሻሻ ነው ስትለኝ ያኔም ጠርጠር አድርጌ ነበር። ይቅርታ።»

«አንተ ነህ ይቅርታ የምትጠይቀው?»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«ሚስቴስ?» አለ ወንድሜ፣ ለማንም ሳይሆን።

መሬት መሬት አየሁ። መልስ ሆነለት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ እኔው ራሴ በሰው ላይ ስንት ጊዜ ተርቼበታለሁ። የዚያን ቀን ግን የሚተረትበት ሰው ፊት ለፊቴ የዘይት በርሜል ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ትከሻው ወርዶ፣ ድንገት አባታችንን መሰለኝ። ቀጮ ሄዳ አጠገቡ ተንበረከከች። እሱም ፀጉሯን ነካ ነካ አደረገው፣ ዘይት እንዳለው ረስቶ። ፖስተኛው የት መቆም እንዳለበት ጠፍቶት የራሱን ሞተር መቀመጫ በእጅጌው ይወለውላል።

ከቆይታ በኋላ ወንድሜ ተነሣ። መጀመሪያ ፖስተኛው ዘንድ ሄዶ እጁን በሁለት እጁ ይዞ ይቅርታ ጠየቀው። ፖስተኛው መልሶ ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት «ተው» አለው። ቀጥሎ ወደ እኔ መጣ። ልሸሽ አሰብኩ፤ ቶርኖው ከኋላዬ ነው።

«ሳህኗን እንዴት ማዞር እንዳለብኝ እጄ አልረሳም» አለኝ። «መቀመጫዬም ቢሆን ትክክለኛውን ጉልበት ያውቀዋል፤ ይኸው ዛሬ አጋለጠሽ። የጎደለኝ ጠጠሩን የሚሰማልኝ ሰው ነው። ከአሁን ጀምሮ ከኋላ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ።»

«እኔ?» ሞተር እሠራለሁ እንጂ ፍጥነት እፈራለሁ። የማያውቅ የለም።

«አንቺ። ዓይንሽን ጨፍኚ ከፈለግሽ፤ ለዓይንሽ አይደለም የፈለግሁሽ።»

ቀጮ ሳቀች። እኔም በእንባዬ መሐል ሳቅሁ።

«አንድ ነገር ግን ልንገርሽ» አለ። አሁን አልሳቀም። «ስሳሳት ዝም እንዳትዪኝ። ዝምታሽን እንዴት ልስማው? የምትወጂኝ ከሆነ ጩኺብኝ።»

«እሺ» አልኩት። ለታላቅ ወንድሜ ዕድሜዬን ሙሉ እንደምለው ነው ያልኩት፤ አንገቴን ደፍቼ፣ በለሆሳስ።

ጠጋ ብሎ ፊቴን አየ። «ምን አልሽ?»

«እሺ አልኩህ!» ብዬ ጮኽኩበት።